የውሃ አባት

ከቄራ ካመጣሁት ከበሬ ደም ስር፣
ከውስጥ ግድግዳው ላይ ፍቄ የሰበሰብኩት፣
በዓይን የማይታይ የሴሎች ሰፈር፣
ብርጭቆ ላይ ሰፍሮ፣ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁት።

ፈሳሹ ዝም ሲል ዝርው ነው ኑሯቸው፣
አንዱ ፊቱ ወደ መንዝ፣ አንዱ ወደ ጅሩ፣
እንደ ገበያ ሰው ነው አቋቋማቸው።
ፓምፑ ተነስቶ ግን አንድ ሌት ሲያድሩ፣
ይቀጥናሉ ረዝመው፣ ፍሳሹን ተከትለው፣
እንደ ጤፍ ማሳ፣ ነፋስ እንደዳሰሰው።

ከዚያ ኢንዛይሙን ማምረት ይጀምራሉ።
የኔ ጉዳይ ይህ ነው፦ ምን ያህል? በስንት ግፊት?
ኢንዛይሙ አየር ያበጃል፣ ስሙ ረጅም፣ ዕድሜው ጥቂት፣
ለጡንቻው "ላላ በል" ብሎ ለማለፍ ብቻ የሚበቃ፤
ቧንቧው ይሰፋል፣ ደሙም መንገድ ያገኛል፣ በቃ።
ማንም አላዘዛቸው። መድኃኒትም አልጨመርኩም።
መታከክ ብቻ ነው፣ ማለፍ፤ ሌላ ነገር አላየሁም።

አባቴ ሸዋንግዛው ከአርማንያ መጣ፣
የደም ግፊቱ ከልክ እያለፈ ቢወጣ።
ሠላሳ ሁለት ዓመት የውሃ አባት ነበር፣
ሲያስታርቅ፣ ሲፈርድ፣ ሲጠርግ የቦይ ድንበር፤
ሮቢን ለአርባ ማሳ ሲያካፍል በተራ፣
ሌሊት በባትሪ፣ ዶማ ይዞ፣ ባለርስት ሳይፈራ።

በማይክሮስኮፑ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየና
"ቦዩ የሚከፈልበትስ?" አለኝ፣ አለና ቀና።
"እዚያ ውሃ ይዞራል፣ ግድግዳውን አይጠርገውም፤
ደለል እዚያ ነው የሚተኛ።
ቀጥ ብሎ የሚሮጠው ግን ጠራጊ አያሻውም።"

ደም ስር በሚከፈልበት ኢንዛይሙ እንደሚያንስ፣
ስቡም እዚያው እንደሚከማች
ስድስት ዓመት ተምሬበታለሁ።
እሱ ዶማውን እንኳ ሳይዝ ነገረኝ።

በዚያው ሌሊት መብራት ጠፋ።
ፓምፑ ቆመ። ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም፣
ቁልፍ ያዡ ስልክ አያነሳም።
ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር፤ ውርጩ መስኮቱን ያኝካል።
የሦስት ሳምንት ሥራ በሁለት ሰዓት ይበርዳል።
እንባ እንባ አለኝ። አባቴ ካስፈልቴ በርጩማ ሳይነሳ፣
"ውሃ መብራት መጠየቅ የጀመረው መቼ ነው?" አለኝ።
"ከፍ አርጊውና ይውረድ፣ ወሰኔ።"

ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አናት ሰቀልነው።
ቱቦውን በሁለት ጣቱ ቆነጠጠ፣ ላላ አደረገ፣ ደግሞ ቆነጠጠ።
"ጠብታውን ቁጠሪ" አለ። ቆጠርኩ።
ሳጥኑን በጋቢው ጠቀለለ፣
ፍል ውሃ በሃይላንድ ሞልተን ከጎኑ ሸጎጥን።
የታችኛው ሲሞላ፣ የላይኛው ሲጎድል፣
እናቀያይራለን፦
አንድ ሰዓት እሱ፣ አንድ ሰዓት እኔ፣
እንደ ሮቢ ተራ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ጣቱ ቱቦው ላይ እንዳለ፣
"ይመታል" አለኝ ቀስ ብሎ። "ነፍስ አለው ይሄ።"
የጠርሙስ ውሃ አይመታም።
የራሱ ትርታ ነበር፣ ጣቱ ጫፍ ላይ።
አልነገርኩትም።

ሲነጋ መብራቱ መጣ።
ጠርዝ ጠርዙ ላይ የነበሩት ሞተዋል፤
የቀሩት ግን ወደ አንድ ዞረው፣ እንደ ማታው ተሰልፈዋል።
ኢንዛይሙን ለካሁት፤ ከፓምፑ ያንሳል፣ ግን አለ።
መዝገቤ ላይ ጻፍኩ፦
"ከሌሊቱ ስድስት እስከ ንጋት፣ ፍሰት በስበት። ተቆጣጣሪ፦ ሸ."
መምህሬ "ሸ. ማን ነው?" ብሎ
በቀይ አስምሮበታል።

በማግስቱ ሐኪሙ ክኒን ጽፎለት
"በቀን አንድ ሰዓት ይራመዱ" ቢለው፣
አባቴ ሳቀ፦ "ቦዩን ልቀቀው ነው የምትለኝ?"
ሐኪሙ አልገባውም።

ወደ በሬሳ ቁልቁል ወረደ፣ በኮቱ ብቻ፣
ጋቢውን ለሴሎቹ ትቶ።