ቀኙን እንየው

ሦስቱ ስክሪኖች የአንድ እናት ልጅ አይደሉም።
አንዱን ማራኪ ላይ ከተመራቂ ተማሪ ገዛሁት፤
አንዱን ፒያሳ ካለ ፎቶ ቤት፣ ሊዘጋ ሲል፣ በዱቤ አመጣሁት፤
ሦስተኛው ለጥገና መጥቶ ባለቤቱ የቀረ፣
ዓመት ከመንፈቅ መደርደሪያዬ ላይ ያደረ፣
ፊቱን ወይባ የነከረው።
እሱን በቀኝ አቆምኩት። ለምን? እንጃ። ቦታ ስላለው።

መቆሚያውን የሠራልኝ የሳሙና በሩ በያጅ ጥጋቡ ነው፤
አልጋና የግቢ በር ነው እንጀራው።
«ምን ሊሆን ነው?» አለኝ። «መኪና» አልኩት።
«ጎማውስ?»
«የለውም።»
«ሞተሩስ?»
«ድምፁ ብቻ።»
ብረቱን አየ፣ እኔን አየ፣ መነጽሩን አወረደ፣
«እንግዲህ ገንዘቡ ያንተ» ብሎ እሳቱን ሰደደ።

ከዓይን እስከ ስክሪን ስልሳ አምስት ሳንቲም፣
በእህቴ በውድነሽ የልብስ ስፌት ሜትር።
ግራና ቀኙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ እንደ ቁም ሳጥን በር።
ዲግሪውን በወረቀት አሰላሁ፣ ወረቀቱ አለቀ፤
መንገዱ ግን ከመሀል ወደ ግራ ሲሻገር ተሰነጠቀ፤
አጥሩ እዚህ ጋ ዝቅ፣ እዚያ ጋ ከፍ ይላል፣
በሁለት ጠርዝ መሀል አንድ ቀይ መኪና ገብቶ ይጠፋል።
ቁጥሩን ቀየርኩ። አንድ ሚሊ። ደግሞ ግማሽ።
እኩለ ሌሊት አለፈ፣ መንገድ ስጠግን ያለ አካፋ ያለ ዶማ፤
ልክ ሊገጥም ሲል መብራት ሄደ፤
ከጎሃ እስከ አዘዞ ጨለማ።

በሦስተኛው ቀን አባቴን ጠራሁት፣
ባዘዘውን፣ የኤንትሬውን ሹፌር፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሊማሊሞን ሲወጣ ሲወርድ የኖረ፣
ዛሬ የእኔን ሱቅ አራት ደረጃ ለመውጣት ትከሻዬን የተበደረ።
ወንበሩን አላመነውም፣ ሁለቴ ነቀነቀው።
መሪውን በመሀረቡ ጠረገ። መሪው አቧራ አልነበረው።
የፍሬኑን አየር ሊያይ ጌጁን ፈለገ፣ አጣው፣
አማተበ።
ሃያ መኪና እንደ ንብ ተመመ፤
አባቴ በአንደኛ ማርሽ፣ ቀስ ብሎ፣ ተከተለ።

በየኩርባው ጡሩንባ ነፋ።
ከኋላ ለመጣ ሁሉ ጥግ ይዞ መንገድ ለቀቀ፣
ላለፈው ሁሉ እጁን አነሣ፤ ሰላምታው እኛው ክፍል ውስጥ ወደቀ።
«አባዬ፣ ውድድር እኮ ነው!»
«ይሽቀዳደሙ» አለኝ፣ «እኔ ጭነት አለብኝ።
ቁልቁለት ደግሞ በወጣህበት ማርሽ ነው የምትወርደው።»
ከሃያው ሃያኛ። መኪናው ላይ ግን ጭረት አልነበረው።

በሁለተኛው ዙር፣ ጠባቧ ኩርባ ላይ፣
ፊቱን ወደ ቢጫው ስክሪን መለሰና
«እንየው!» አለ፣ ጮክ ብሎ።
እኔ ሞኙ፣ እንየው ካለማ ብዬ፣ ተነሥቼ
ስክሪኑን ወደሱ አስጠጋሁት፣ ብሎኑን ፈትቼ፤
«አሁንስ ይታያል?»
አልሰማኝም። ጆሮው ሌላ ድምፅ ይጠብቃል።

እንየው።
ረዳቱ። በቀኙ መስኮት እስከ ወገቡ ወጥቶ
ገደሉን በዓይኑ የሚሰፍር፣ በሩን በመዳፉ መትቶ፣
«ሂድ፣ ሂድ፣ ሂድ… በቃ!»
ስሙን የሰማሁት ከእናቴ ነው፣ አንድ ቀን፣ ሽንኩርት ስትልጥ፤
አንድ ሐምሌ፣ ጭጋግ ውስጥ፣ ታኮ ሊያደርግ ወረደ አለችኝ፤
የቀረውን እሷም አልነገረችኝ።

አባቴ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። ማርሹን ነካ፣ ባዶ መሆኑን አየ።
የእጅ ፍሬን ፈልጎ ሲያጣ እግሩን ፍሬኑ ላይ አቆየ።
«ቀኙን አታስጠጋው» አለኝ፣ «ክፍተት ተውለት።
ሰው ይወርዳል።»

ብሎኑን መልሼ አላጠበቅሁትም።
በመሀሉና በቀኙ ስክሪን መካከል አንድ ጣት ያስገባል።
ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ይመጣሉ፣ በሰዓት ይከፍላሉ፣
ይበራሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይስቃሉ፤
አንዱ ሁልጊዜ ያያል፦
«ወንድም፣ መንገዱ እኮ እዚህ ጋ አይገጥምም።»
«አውቃለሁ» እላለሁ።