ዘጠነኛዋ ዶቃ

ነሐሴ ነው፣ ሻርጃ፤ መስኮቱ ያልበዋል፣
እኛን ውስጥ ሲበርደን እሱን ውጭ ይሞቀዋል።
ከሌሊቱ ስምንት፤ ሹራብ ደርቤያለሁ፣
አሸዋ በሚያህል የሙጫ ፍሬ ላይ ዶቃ እሰካለሁ።

ዶቃ ስል ዶቃ አይደል፤ አሚኖ አሲድ ነው፣
ክንድ ለክንድ ሲያያዝ ፔፕታይድ የምንለው።
እያንዳንዱ ሲመጣ ቆብ ደፍቶ ይመጣል፤
ቆቡን ካላወለቅሁ ቀጣዩ በምን ይይዛል?
ስለዚህ አወልቃለሁ፤ አጥባለሁ፤ እጨምራለሁ፤
አናውጣለሁ፤ እጠብቃለሁ።
ማውለቂያው ይሸታል፣ የከረመ ዓሣ ነው፤
ሺጁ የኬረላው
"መንደሬ መጣሁኝ" እያለ የሚስቀው።

ከዚያ ፈተና አለ። ጥቂት ፍሬ ቆንጥሬ፣
በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ በሙቀት ሞክሬ፣
ቢጫ ከሆነልኝ፣ ሰንሰለቱ ገጥሟል፤
ሰማያዊ ከሆነ፣ አንድ እጅ ባዶ ቀርቷል።
እስከ ስምንት፣ ቢጫ።
ዘጠነኛዋ ላይ ሰማያዊ። ደግሜ ባጥብ፣ ሰማያዊ።
እጥፍ ብጨምርባት፣ ሌሊቱን ባናውጣት፣
አርጂኒን እንቢ አለች፤
ኪሎ እንደ በዛበት የተመላሽ ሻንጣ
በር ላይ ተጋድማ፣ አትገባ፣ አትወጣ።

ይህ አሥራ ሰባተኛ ሙከራዬ ነው።

እህቴ ይርገዱ አጅማን ነው ሥራዋ፣
ከዚህ ሃያ ደቂቃ፣ መንገድ ካልተዘጋ።
ማዳም ኸውላን አስተኝታ ድምፅ ትልካለች፤
"ጸጉሯ ዛሬም ደግሞ ትራስ ላይ ቀረ" አለች፣
"ጡቷን ቆርጠውላት ጉበቷ ላይ ወጣ፤
ያንቺ ዱቄት መቼ ነው ወደኛ የሚመጣ?"

ምን ብዬ ልንገራት? በር አለ አልኋት፣
ኢንዛይም የሚሉት፤ ዕጢው ሲያድር ሲውል
ቀለቡን በዚያ በር ወደ ጓዳው ያስገባል።
እኛ ቁልፍ እንሠራለን፤ የሚገባ፣ የማይከፍት፣
ገብቶም የማይወጣ፣
ቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮ በዚያው የሚቀር፣
ዋናው ቁልፍ ሲመጣ ደጅ እንዲያድር።

ሳቀች። "ስለ ቁልፍማ እኔን ጠይቂ፤
ሁለት ዓመት ሙሉ ከውጭ ስትቆልፍብኝ
ያቺው እጅ ነበረች፤
ዛሬ ውሃ በማንኪያ የማጠጣት፣
ዛሬ የቤቱን ቁልፍ
በገዛ እጇ አንገቴ ላይ ያሰረች።"

ረቡዕ። ተስፋ ቆርጬ፣ ያለውን እንዳለ
ከሙጫው ቆረጥሁት። አሲዱ ጓንቴን በላ።
በቀዝቃዛ ኤተር ነጭ ሆኖ ሲረጋ
አላመንሁትም፤ ነጭ ነገር ሁሉ ንጹሕ ይመስላል።
መለያው ማሽን ሁለት ጫፍ አሳየኝ፦
ሙሉዋ፣ ጉብታ፤
ጎዶሎዋ፣ ተራራ፤ ዘጠነኛዋን ዘላ
ስምንትን ከአሥር ጋር ያጋባች።
ልደፋት ነበር። ዶክተር ሙዛ ግን፣
"ሳህኑ ላይ ባዶ ጉድጓድ አለ፤ ምን ቸገረሽ፣ ሙዪው" አለች።

ሙሉዋ፣ ዓመት የለፋሁባት፣
ኢንዛይሙን ዳሳ ተወችው።
ጎዶሎዋ ስትገባ
መስመሩ ወረደ፤ ወረደ፤ ተኛ።
ሺጁ ማሽኑ የጠፋ መስሎት ገመዱን ነካካ።
ሦስት ጊዜ ደገምነው። ሦስቴም ተኛ።
ለካ ጓዟ ነበር ቁልፏን ያወፈረው፤
ስሕተቴ ኖሯል ጥርሱን የሞረደው።

ይህ መድኃኒት አይደለም። ሳህን ላይ ነው ገና፤
ሕዋስ አለ፣ አይጥ አለ፣ ከአይጥ ወዲያ ደግሞ
ገንዘብ አለ፣ ፊርማ አለ፣ የማላውቀው ዓመት።
አራት ሚሊግራም ናት፤ ከጤፍ ቁንጥር አትበልጥም።
ስም አልሰጠኋትም፤ ቁጥር ጻፍሁባት፣
ከዜሮ በታች ሃያ ላይ አስተኛኋት።

"ትደርሳለች ወይ?" አለችኝ ይርገዱ።
ዱቄቷን ይሁን ማዳምን፣ አልለየችልኝም።
"አይ" ብዬ ጻፍሁ። አጠፋሁት።
"እንጃ" ብዬ ጻፍሁ። እሱንም።
ቆይቶ አንድ ድምፅ መጣ፣ አሥራ አንድ ሰከንድ፤
ቃል የለበትም፤ ወደ አልጋው ጎንበስ ስትል
አንገቷ ላይ ያለው ቁልፍ ሲንኳኳ ብቻ።

ወጣሁ። እርጥቡ ሙቀት መነጽሬን ሸፈነው፤
ሻርጃ ሲነጋባት አላየሁም፤
እስኪጠራልኝ ድረስ ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር።