የካርቶን ቤት

ዲንዶ ማኒላ ላይ፣ ጊልሞር፣ ከዝናብ ሸሽቶ፣
ስምንት ወር ያጠራቀመውን ፔሶ ዘርግቶ
ይቆጥራል፤ ደግሞ ይቆጥራል ተመልሶ።
ገንዘብ በመቆጠር አይወልድም ጨርሶ።

«ግራፊክስ ካርዱ ያገለገለ ቢሆንም ግድ የለኝ፤
ራሙም ስምንት ጊጋ፣ ለጊዜው ይብቃኝ፤
ፓወር ሰፕላዩን ግን ርካሽ አትስጪኝ፣
እሱ አንዴ ከነደደ ሁሉንም ነው የሚያሳጣኝ።»

ሮሳሊን ደመረች።
ኬዙ ጋ ስትደርስ ገንዘቡ ጎደለ።
«ተዪው» አላት ዲንዶ፣ «ለእሱስ ቤት አለ።»

ከእናቱ መደብ ሥር፣ የደረቅ ዓሣ ካርቶን
ጎትቶ አወጣ፤ በቢላ በሳሳው ጎኑን።

ሌሊት፣
ባለ ሰይፉ ጀግና ተራራውን ሲወጣ
ማራገቢያው ጮኸ፤
ከጀግናው አገር
የዓሣ ሽታ መጣ።