ጥላ

ሻንጣቸው ተሰቅሎ በሽንኩርት ሚዛን፣
«አለፈ!» ትላለች፣ «አውጡ በርበሬውን!»
በርበሬውን ደግሞ ትናንት ማታ ቋጥራ
የሰጠችው እሷ፣ በፌስታል ላይ አስራ።
አስረበብ ናት ይህች፣ የጉልቷ ባለቤት፤
አውሮፕላኑ ካዘዞ በአራት ሰዓት፣
ሚኒባሱ ደጅ ነው፣ ሹፌሩም ባለበት፣
ደመናው ከጎሃ ወርዷል ሳይጠሩት።

እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ያማርኛ መምህር፣
ፊደል የምሸጥ ሰው፣ ሰዓቱን በመቶ ብር።
ልጅቷ ከኮሪያ፣ ልጁ ከብራዚል፣
ወንጌል ሊሰብኩልን፣ ለሀገረ ፋሲል፣
አርባ አራቱ ታቦት ያልሰማው ይመስል።
ሆዴ ሳቀ። አፌ ግን «በሉ ‹ቀ›» አለ።
ሱንሚ «ከ» አለችኝ። ሐምሌ ጠባ፣ ዋለ።
«ቀን» በሷ አፍ «ከን» ሆነ፣ ቁርሱም ሆነ «ኩርስ»፣
ቄሱን «ኬስ» ስትላቸው ሳቁ አደባባይ እስኪደርስ።

መሪጌታ ልሳነወርቅ አልሳቁም ያኔ፤
ከታዴው ጋር ነበር የሳቸው ኩነኔ፦
ስለ ማርያም አንድ ቀን፣ ስለ ጾም አንድ ቀን፣
መብራት እስኪጠፋ፣ ከጠፋም በኋላ፣ በጨለማ ሆነን።
የሰኔ በረዶ ጣራቸውን ቢበሳ
ሚስማር ባፉ ነክሶ ልጁ ነው የተነሳ።
ዛሬ ግንባሩን ስመው፣ ትከሻውን መታ መታ፣
ወደኛ ዞረው አሉ በዝግታ፦
«ሃይማኖቴን ሊቀይር ባሕር አቋርጦ መጣ፤
ቆርቆሮዬን ቀይሮ ሄደ።»
ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።
በጋቢያቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉ።

«ማን ተከተላቸው?» ብሎ ለጠየቀ ሰው፣
ከሰፈሩ ሁሉ አንማው ብቻ ነው፤
እሱም ለጊታሩ፣ ሁለት እሑድ ሄዶ፣
በሦስተኛው ቀረ፣ ኳስ ሜዳ ወርዶ።
ግን ውኃ ሲጠፋ፣ በጀሪካን ተርታ
ታዴው ነበር ኋላ፣ ተራውን ለአሮጊት እየሰጠ ሲመታ።
አስረበብ ስትወልድ ደም ፈሷት በሌሊት፣
የሆስፒታል ወለል ላይ ያደረችው ሱንሚ ናት።
ይህን በየትኛው መዝገብ እንደምጽፍ
እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሚኒባሱ ተነሳ።
ሱንሚ በመስኮቱ ብቅ አለችና
«ጋሼ! ቁልፉ ከቅርጫቱ ሥር ነው!»
ቁልፉ! ከቅርጫቱ!
ከጉሮሮዋ ሥር፣ ስንጥቅ አድርጋ፣
ማንም የማያርመው «ቁ»፣
ሁለት ክረምት ቁጭ ብዬ የጠበቅሁት።
«ጎበዝ!» ልል አፌን ስከፍት
መኪናው ወደ አራዳ ታጥፎ ነበር።

ቅርጫቱን አነሳሁ፣ በሩን ከፈትሁት።
ክፍሉ ተጠርጓል። የፊደል ገበታው
እንደተለጠፈ አለ፤ የ«ቀ» ረድፍ
በእስኪርብቶ ተከቦ፣ ተከቦ፣ ወረቀቱ ሳስቷል።
ከበሩ ኋላ ደግሞ በሚስማር ላይ
ያ ጥቁር ጥላዋ፣ አንድ አጥንቱ የተሰበረ።

ቅኔ ሳስተምራት ትቆጣኝ ነበር፦
«አንድ ቃል እንዴት ሁለት ይሆናል?
ሰሙስ ይሁን። ወርቁ የታለ?»
ምሳሌ ፈልጌ አጥቼ
ለሳምንት አሳደርኩት፤ ሳምንቱ ዓመት ሆነ።

ይኸው ወርቁ፣ ሱንሚ፣
አንቺ ከሄድሽ በኋላ የተገኘ፦
ጥላ ጥላ ሄደች።

ዝናቡ ወረደ። ዘረጋሁት።
በተሰበረው አጥንት በኩል
አንድ ትከሻዬ ረጠበ።