ግማሽ ፍሬ

ቡሬ፣ ከመነኸሪያው ጀርባ፣ ከበርበሬ መጋዘን ደጅ
አምስት ዓመት አደርሁ፣ ካፖርት ለብሼ፣ ዱላ በእጅ።
ቀዩ ብናኝ ቆዳዬን ለመደ፤ ሽፍታው ካንገቴ ጀምሮ
ወገቤ ደረሰ፣ ብብቴን እንደ ቀያሽ ዞሮ።
ስፎክት ይነጋል። ስፎክት ይመሻል።
ሌባ እንኳ ድምፄን ሰምቶ “ይሄ ሰው አይተኛም” ብሎ ይሸሻል።

ባለመድኃኒቷ አንጓች መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ
ቢጫ ፍሬ ቆጠረችልኝ፦ “አንዳንድ፣ ከራት በኋላ።
ታስተኛለች ግን፤ መኪና እንዳትነዳ።”
መኪና! እኔ የምነዳው ሌሊት ነው፣ እስኪነጋ፣ በባዶ ሜዳ።
“ዘብ ነኝ” አልኋት። ሳቀች። “እንግዲያ በግማሽ ጀምራት።”
በጥርሴ ከፈልኋት፤ ከነምሬቷ ዋጥኋት።

ቆዳዬ ዝም አለ።
ጌታው ስሙን እንደ ጠራው ውሻ
እግሬ ስር ተኛ። ሩቅ ጅብ ጮኸ። የማን ሰፈር ጅብ ነው ልል ስል፣

ፀሐይ ዓይኔ ላይ ነበረች። ጋሽ ደምመላሽ ቆመው ይቆጥራሉ።
“ሠላሳ ስምንት። አርባ ነበር! አርባ!” ይላሉ።

ለካ ዘቡ እኔ አልነበርሁም።
ዘቡ እከኬ ነበር፤
እኔ ደመወዙን እየፈረምሁ በላሁ።

እየተሳደቡ ሳለ አየሁ፤ ከሰዓታቸው ማሰሪያ በታች
ጥፍራቸው ይሄዳል፣ ይመጣል፤
ክንዳቸው በርበሬ መስሏል።
አልጋ ላይ ሲገላበጡ እንዳደሩ ዓይናቸው ይመሰክራል።

የቀረችው ግማሽ ኪሴ ውስጥ ናት፣ በወረቀት እንደ ተጠቀለለች።
እጄን ከተትሁ። ዳሰስኋት።
ሁለት ጆንያ ያህል ዝም አልሁ።