ወጣ?

ሚሌ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ ጎማውን በእግሩ መትቶ፣
አባቴ ይደውላል ማለዳ፣ ኔትወርክ ካለበት ወጥቶ።
ደህና አደርሽ የለም። «ወጣ?» ነው የሚለኝ።
«አልወጣም፣ አባዬ።» ሌላ ወሬ የለኝ።
ከዚያ ዝም እንላለን፦ በእሱ በኩል የተሳቢ ጥሩምባ፣
በእኔ በኩል የአዳማ ነፋስ፣ ቆርቆሮ ነቅንቆ በበር ስንጥቅ የሚገባ።

ከተመዘገብኩ ሰባት ወር። ከተፈተንኩ አራት።
ቃለ መጠይቁ ካለፈ፣ የዛሬን ጨምሮ፣ ሰባ ስድስት ሌሊት።

ሦስት ነበሩ ሐኪሞቹ፤ አንዷ እስክሪብቶ እየነከሰች፣
«ለምን ሕክምና?» አለች።
ያጠናሁት መልስ ነበረኝ፣ የተተኮሰ እንደ ሸሚዝ፤
ከአፌ የወጣው ግን ሌላ፦ የጉድጓድ ውሃ፣ የጥርስ መበለዝ፣
አባቴ በሳቀ ቁጥር አፉን በመዳፉ መከለሉ፣
በሠርጉ ፎቶ ላይ እንኳ ከንፈሩን እንደገጠመ መዋሉ።
አንደኛው ቀና አለ፤ አየኝ፤ አቀረቀረና ጻፈ።
ምን እንደጻፈ አላውቅም፤ እሱ ነው እንቅልፌን የገፈፈ።

ሰፈሩ ግን አልጠበቀም። ስም አውጥቶልኛል።
«ዶክተር ለሊሴ!» ይለኛል።
እትዬ ዘርፈሽዋል ግፊቷን እንድለካ
ሽንኩርት የሚሸት ክንዷን ይዛ በአጥር ቀዳዳ ትመጣለች፤
«መለኪያ የለኝም» ስላት፣ «በጣትሽ ንኪው፣ ይበቃኛል» ትላለች።
ነካሁት። ምን ልበል? ይመታል።
«ጨው ቀንሺ» አልኳት፤ እሱንማ ሬዲዮኑም ይላል።
ማታ ግን አፈርኩ፦ ገና ያልተሰፋ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣
በሰው እምነት ላይ ቆሜ፣ የሰው ተስፋ ተንተርሼ።

ሌላው ሁሉ እየወጣ ነው። የኢፍቱ የባሕሬን ቪዛ ወጣ፤
የዘርፈሽዋል የልጅ ልጅ ነጭ ጥርስ (እስካሁን ነጭ) አወጣ፤
ዘይት እንደወጣ ቀረ፤ እቁቡ ለጋሽ ውብአንተ ወጣ፤
የእኔ ብቻ የት ገብቶ ነው፣ ከማን መሳቢያ የታጣ?

ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ነኝ፣ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት፤
የሌላውን ዲግሪ፣ የሌላውን ልደት፣ የሌላውን ሞት
ከክዳኑ ሥር አስገባለሁ፣ አንዱን ገጽ በአምስት ብር።
ማክሰኞ፣ አንድ ኮፍያ ያደረገ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠኝ፤
«ለሰሌዳ ነው፣ ስምንት አድርጊው» ሲለኝ
ጉልበቴ ከዳኝ። ማሽኑ አጉረመረመ፣ የብርሃኗ መስመር አለፈች፤
ወረቀቷ ሞቃ በግንባሯ ወጣች፦
የጨረታ ማስታወቂያ። ያገለገሉ የሕሙማን አልጋዎች፣ ብዛት ሠላሳ ስድስት።
ስምንቱን ሰጠሁት። ዘጠነኛ ለራሴ አባዛሁ። ለምን? እንጃ፣ ለትዝብት።

ስልኬም ሲጮህ እንዲሁ ነው፤ «ውድ ደንበኛችን» ብሎ፣
ልቤን ጉሮሮዬ አድርሶ፣ ጥቅልዎ አለቀ ይላል፣ ትቶኝ አንጠልጥሎ።

ሲመሽ ሸንተረሩን አያለሁ። የነፋስ ማማዎቹ ይዞራሉ፤
ከቆሙበት ሳይሄዱ፣ ዞረው ዞረው መብራት ያወጣሉ።
እኔም ስዞር ነው የዋልኩት፣ በአንዲት ቃል ዙሪያ፣ ሳልራመድ፤
ምን አበራሁ? አንድ አምፖል? አንድ ጓዳ? የአንድ ሰው መንገድ?

ዛሬ ግን በሌሊት ደወለ፣ ከአዋሽ፣ ጎማ ቀይሮ።
ቃሉን እንደ መርፌ ጠበቅኩት፣ ክንዴ አስቀድሞ ተኮማትሮ።
«ወጣች» አለኝ።
«ማን?»
«ጨረቃ። እዚህ ሙሉ ናት። እናንተስ ጋ?»
በሩን ከፍቼ ወጣሁ፤ ነፋሱ ከነጠላዬ ጋር ሲዋጋ፣
ከቆርቆሯችን በላይ፣ አቧራ ለብሳ፣ ቀላ ብላ።
«ወጥታለች፣ አባዬ» አልኩት።
በሰባት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈልገውን ግሥ ሰጠሁት።
ሳቀ። ረጅም ሳቅ ነበር፤ ያን ያህል ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።
እጁ አፉ ላይ ይሁን አይሁን፣ ስልክ ነውና፣ አላየሁም።