የውሃ ልክ

እሑድ ሲያመሻሽ ላይ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቆሜ፣
የቦጋለችን ለውዝ አንድ በአንድ ቆርጥሜ፣
ባዶውን ጥቅልል ልወረውረው ስል፣
ሰማያዊ ቀለም፣ ዘመም ያለ ፊደል፦
«መጋቢት አሥራ አንድ። አንድ ሜትር ከስልሳ።
ነፋስ የለም ዛሬ። ጉማሬው ተነሣ።»

ሌላ ዐሥር ብር ሰጠሁ፣ ሌላ ጥቅል ገዛሁ፣
ለውዙን ለሊስትሮው፣ ወረቀቱን ያዝሁ።
«ከየት ነው ይኼ?» አልኳት። «ከኪሎ ሻጭ» አለች፤
«ቢሮ ሲጸዳ ነው።» ደግሞ ጠቀለለች።

ሦስት ሳምንት ተመላለስሁ። ሆዴ ተነፋ፣ ኪሴ ሳሳ፤
በመጨረሻ ከግርጌ ስም ወጣ፦ ላንቃሞ ባራሳ፣
የሐይቅ ልክ አንባቢ፣ ጣቢያ፦ አዋሳ።

ከተማው ገና መንደር፣ መንገዱ ገና ጭቃ፣
ጡረተኛው ወታደር ግራር ሲመነጥር በጨረቃ፣
ይኼ ሰው ውሃው ውስጥ የቆመ ዘንግ ነበረው፣
ቀይና ነጭ፣ በጣት በጣት የተሸነሸነ።
ጎሕ ሲቀድ ሱሪውን ሰብስቦ ይወርድና
ሐይቁን ያነበው ነበር፣ ሌላው ዳዊቱን ሲደግም።

«ሰኔ ሦስት። አንድ ሜትር ከሰባ ሁለት።
የመቶ አለቃ ይርዳው ሚስት ልብስ ስታጥብ ቀለበቷ ወደቀ።
ጠልቄ ፈለግሁ። የለም።
የሚስቴን ነሐስ አገኘሁት ብዬ ልሰጣት አስቤ ተውሁት።»

«ሐምሌ ሃያ። ሰማንያ አንድ።
ጥቁር ውሃ ቀይ ሆኖ ገባ።
ላይ፣ ዛፍ እየቆረጡ ነው።»

«ነሐሴ አምስት። ዝናብ። ማንም አልወጣም።
እኔ ወጣሁ። ሰማንያ አራት።»

ከዳር፣ በቀይ ብዕር፣ ከአዲስ አበባ፦
«ከቁጥር በቀር አይጻፍ።»
በማግስቱም ከቁጥሩ ቀጥሎ፦
«አምባዛ ረከሰ። አባ ኮዳ ጠገበ።»

ከዚያ ይጎድላል። የስድስት ዓመት ለውዝ
ማን እንደበላው እንጃ።
ከዚያ ደግሞ አንዲት ዘይት የጠጣች ገጽ፣
በብርሃን ካልያዟት የማትነበብ፦

«መስከረም ሁለት። ዘንጉ የለም። ሐይቁ ወስዶታል።
ልክ፦ እስከ ጉልበቴ።»
«መስከረም አሥራ ስድስት። እስከ ጭኔ።»
«ጥቅምት አንድ። እስከ ቀበቶዬ።
አሞራ ገደል ሦስት ቤት ገባ። የበዳሶ ላም በገመዷ እንደታሰረች።»
«ጥቅምት ዘጠኝ። እስከ ደረቴ። ይበርዳል።»

ቀዩ ብዕር ተቆጣ፦
«የሰው ገላ መለኪያ አይደለም! ቁመትህ ስንት ነው?»
ሰማያዊው ከሥሩ፣ ዘመም እንዳለ፦
«ሜትር ላኩልኝና እነግራችኋለሁ።»

መላካቸውን የምትናገር ገጽ አልደረሰችኝም።
ቦጋለች አሁን በጋዜጣ ትጠቀልላለች።

ማለዳ አሞራ ገደል ሄድሁ፣ ዓሣ ከሚሰነጥቁት መሐል
በዕድሜ የገፉ ሁለት ሰዎች መርጬ ጠየቅሁ።
«ላንቃሞ? ያ ድንክ!» አለ አንዱ፣
ቅርፊት የለበሰ መዳፉን ከትከሻው በታች ዘርግቶ።
«ማን ድንክ? ግራር ነበር እንጂ!» አለ ሁለተኛው፤
የእሱ መዳፍ ከራሱ በላይ፣ አየር ላይ ቀረ።

ቆሮሶው ተረሳ፣ ቢላዋው ተቀመጠ፣
ሁለት ሽማግሌ በአንድ ሟች ቁመት ተቋቋጠ፤
እኔም የዚያን ዓመት ውሃ፣ ማንም ያልመዘገበውን፣
በሁለት እጆች መሐል ቆሞ አየሁት፣
እየጨመረ፣ እየቀነሰ።